የሳትነው ቆጠራ

ጎንደር፣ መጋቢት 28 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለእናኑ
አምባ ጊዮርጊስ

እናንዬ፣ ጾሙ ጉልበትሽን እንዴት አድርጎታል? እናትሽስ በረቱ? የትንሹ ልጃችን የማሩስ ሳል ለቀቀው? እኔና ብርነሽ አለን። አንቺ ከምትፈሪው እንሻላለን፤ እኔ ከምመኘው ግን ገና ነን።

ይህን ወረቀት የሚያነብልሽ ወንድምሽ ክንዱ መሆኑን አውቃለሁ። ክንዱ ወንድሜ፣ በእኔ ላይ ያለህን ቁጣ አልነቅፍብህም። ብቻ እባክህ አንዲት ቃል ሳትዘል አንብብላት። መስደብ ስትፈልግ ቆም በልና ስደበኝ፤ ሲበቃህ ካቆምህበት ቀጥል። ጉዳዩ የማሩ ጉዳይ ነው።

ዋናውን ላስቀድም። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 25 ቀን፣ አንድ የልብ ሐኪም ከአስመራ ወደዚህ ይመጣል። የሚቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነው። የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ይዞ ነው የሚመጣው። ብርነሽ ተመዝግባለች። ማሩንም አስመዝግቤዋለሁ። ቅዳሜ ሚያዝያ 23 በሚመጣው አውቶቡስ ይዘሽው እንድትመጪ ነው የምለምንሽ። «ማሩ ምን ሆነና?» ትዪ ይሆናል። ብርነሽስ በአምስት ዓመቷ ምን ሆና ነበር? ቀይ፣ ወፍራም፣ ሸጋ ልጅ ናት እያሉ ጎረቤቶች ሲስሟት አልነበር?

አሁን ከመጀመሪያው ልነሣ፤ መቼም እኔ ነገርን በተራ ካልደረደርሁ አይሆንልኝም።

መስከረም ላይ ስትሄጂ ብርነሽን እወስዳለሁ ብትዪ የከለከልሁሽ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ሽማግሌዎች ፊት «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ልጅ ታይቶ አይታወቅም» ያልሁትም እኔ ነኝ። አንቺ ነጠላሽን አነሣሽ። ከዚያ የባሰው ግን አንቺ የማታውቂው ነው። ከሄድሽ በኋላ ማዕድ ቤቱን ቆለፍሁት። ከምሠራበት ከትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ትልቁን ቁልፍ አምጥቼ ነው የቆለፍሁት። ልጅቱ የምትበላውን እየመተርሁ ሰጠኋት፤ ጠዋት ይህን ያህል፣ ምሳ ይህን ያህል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጤፍ በምንመዝንበት ሚዛን ላይ አቁሜ መዘንኋት፣ ጻፍሁትም። ስጠራት ዝም ስትለኝ «አኩራፊ» እያልሁ ተቆጣኋት። ስትወድቅ «እግርሽን አንሺ» አልኋት።

ክንዱ፣ እዚህ ላይ ቆም ማለት ትችላለህ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ለምሳ ብዬ ማዕድ ቤቱን ከፍቼላት ሳለሁ የምድጃ ፍም ወድቆ ኖሯል። ብርነሽ ረገጠችው። እኔ ነኝ ሽታው ሸትቶኝ የዞርሁ። እሷ ቆማ ወጥ ታማስላለች። «ልጄ፣ እግርሽ!» አልሁ። አልሰማችኝም። ሄጄ አነሣኋት። ውስጥ እግሯ ተቃጥሏል፤ እሷ ግን ፊቴን አይታ ነው የደነገጠችው እንጂ እሳቱስ አልተሰማትም። ያን ጊዜ ይህ ነገር የጥጋብም የኩርፊያም እንዳልሆነ ገባኝ። ተሸክሜ ልሮጥ ስል አቃተኝ፤ ጎረቤት ጠርቼ በቃሬዛ ወሰድናት።

ሆስፒታል ያገኘን አንድ ወጣት የጤና መኮንን ነው፤ ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል። የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የማይቸኩል። ቁስሉን ካሠረ በኋላ ስለ ክብደቷ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ጎበዝ መዝገቤን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ገጽ በገጽ አነበበው።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«የበላችውን ሁሉ ጽፈዋል እኮ።»

«የግምጃ ቤት ሰው ነኝ» አልሁት። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«አቶ አለኸኝ፣ በእርስዎ መዝገብ ልጅቱ ኅዳር ላይ የበላችው መስከረም ላይ ከበላችው ግማሹን ነው። ክብደቷ ግን ጨምሯል። ግምጃ ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኙ ምን ይላሉ?»

«ሌባ አለ እላለሁ።»

«ሌባስ ሲጎድል ነው። ሲተርፍ ምን ይባላል?»

 እሱ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አሳየኝ፤ ጣቱ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ። «ይህ ውኃ ነው» አለኝ። «ልቧ ደክሞ መግፋት ስላቃተው ነው የተጠራቀመው። የቀረው ውፍረት ደግሞ ሰውነቷ ራሱ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያከማቸው ነው። ከሌላ ልጅ እኩል በልታ ከሌላ ልጅ በላይ ትወፍራለች። ሆዳም ሆና አይደለም፤ ሲርባት እውነቷን ነው የሚርባት።»

እናንዬ፣ የገዛ መዝገቤ በእኔ ላይ መሰከረ። ማዕድ ቤቱን ያን ዕለት ከፍቼ ቁልፉን ለትምህርት ቤቱ መለስሁ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ሹካ የመሰለ ብረት አንኳኩቶ ጆሮዋ አጠገብ ይይዛል፤ ጣቷን ታነሣለች፣ አንዳንዴም አታነሣም። ዓይኗን አስጨፍኖ ውስጥ እግሯን በመርፌ ጫፍ ይነካል፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ዝም ነው። ልቧን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ከሚያስተምረው ፈረንጅ ሐኪም ጋር መጽሐፍ ገልጠው ተነጋገሩ። እኛ አራት በሽታ የመሰለን አንድ ነው አሉኝ። ጆሮውም፣ የእግሯ መደንዘዝም፣ ውፍረቱም፣ ልቡም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ነው፤ እነሱም ያወቁት ከመጽሐፍ ነው። ቡዳ አይደለም። እርግማንም አይደለም። አንቺ በእርግዝናሽ ጊዜ የበላሽው ወይም ያልበላሽው ነገር አይደለም። ይህን ሦስት ጊዜ አስደግሜ ጠይቄዋለሁ፣ ስለዚህ አንቺም ሦስት ጊዜ ስሚው። ክንዱ፣ ድገምላት።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ነገር ግን ከወንበሬ አስነሣኝ።

«እርስዎና ባለቤትዎ ዝምድና አላችሁ?»

«ምነው! እኛ ክርስቲያን ነን!» አልሁ። «ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው። ሽማግሌ ቆጥሯል፣ ቄስ ሰምቷል።»

«አልሰደብሁዎትም እኮ አቶ አለኸኝ። ጠየቅሁ እንጂ።» ወረቀት ላይ ክብና አራት ማዕዘን እየሣለ አስረዳኝ። ይህ በሽታ የሚመጣው ከእናትም ከአባትም ሲገናኝ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ እንደሆነ ሰውየውን ምንም አይነካውም፤ ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል፣ ለልጁም ያወርሰዋል። እኔ በራሴ ነገር ተረዳሁት። የኛ ግምጃ ቤት ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በእኔ እጅ፣ አንዱ በዳይሬክተሩ። አንዱ ብቻውን አይከፍትም። እኔም አንቺም አንዳንድ ቁልፍ ይዘን ተገናኘን ማለት ነው። «ልክ ነው» አለኝ። «አንድ ዓይነት ቁልፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአንድ ቤት ውስጥ ነው።»

ያ ቃል አላስተኛኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቴን እማሆይ ለተ ማርያምን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብ ካለችው ጎጇቸው ሄድሁ። የአባቴ እኅት መሆናቸውን ታውቂያለሽ፤ ሰማንያ አልፏቸው ዛሬም የጭልጋን ሰው ዘር በጣታቸው ይቆጥራሉ። የቤተሰቡን ስም ሁሉ በወረቀት ይዤ ነበር፤ ከላይ ጀመርሁ።

«እማሆይ፣ ቅድመ አያቴ በላቸው የት ነው የሞተ?»

«ማን ሞተ አለህ?»

«በዘመቻ ሞተ ይባል የለ?»

«ይባላላ! ሚስቱን ትቶ የሄደን ሰው ምን ይበሉልህ? ሞተ ማለት ይቀላል።» መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «የግራ እጁን ሦስት ጣት ሰይፍ ወሰደበት። ጋሻ መያዝ ቢያቅተው አፍሮ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ወገራ ገባ። እዚያ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ሆኖ፣ ደግሞ አግብቶ፣ ወልዶ ኖረ አሉ። አያቴ ይህን የሰማችው ከነጋዴ ነው፤ ሰምታ ለልጆቿ ሞተ አለች።»

«በወገራ በላቸው የሚባል ሰው አልሰማሁም።»

«የቤተ ክርስቲያን ሰው በዓለም ስሙ ይጠራል እንዴ፣ አንተ ሞኝ! በክርስትና ስሙ ነዋ።»

«የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

«ወልደ ዮሐንስ።»

እናንዬ፣ ወረቀቴን ገልጬ በአንቺ ወገን ያለውን ስም ፈለግሁ። የአንቺ ቅድመ አያት ማን ነበሩ? የኛ ሽማግሌዎች «አለኸኝ፣ ውድነህ…» እያሉ ወጥተው «በላቸው» ብለው አለፉ። የእናንተ ሽማግሌዎች ደግሞ «ወልደ ዮሐንስ፣ ከጭልጋ የመጣ» ብለው አለፉ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ሰምቻለሁ! ከጭልጋ የመጣው ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። አንዱን ሰው ሁለት አድርገን ቆጠርነውና ሰባት ቤት ሞላልን።

«ምነው እማሆይ፣ ያኔ ሳይነግሩን?» አልሁ፤ ድምፄ ሳይበዛ አልቀረም።

«ያኔ ወንዶቹ እልፍኝ ተቀምጠው ይቆጥራሉ፤ እኔ ጓዳ ጠላ እቀዳለሁ። ወልደ ዮሐንስ ሲሉ ብሰማማ በተናገርሁ! ደግሞስ የቀዳሁላችሁን ጠጣችሁ እንጂ ማን ምን ጠየቀኝ? ስሙን ቆጠራችሁ፣ ሰውየውን አልጠየቃችሁም።» ቆይተው ደግሞ አዘኑልኝ፤ «እንግዲህ አንተ ደግሞ እንደ በላቸው ሚስትህን ትተህ አትቅር» አሉ።

እናትሽን ጠይቂልኝ፤ የአያታቸው ግራ እጅ ስንት ጣት ነበረው? ሁለት ካሉሽ ሌላ ምስክር አያሻም።

 በዘመድነታችን ጋብቻው ፈረሰ ብዬ ፈራሁ። ለነፍስ አባታችን ነገርኋቸው። ሰሙኝና «ሳታውቁ ገባችሁ፤ አሁን እያወቃችሁ ልጆቻችሁን ልትበትኑ ነው?» አሉኝ። «ንስሐ እንጂ ፍቺ አላዝም። ቀኖናውን ለሁለታችሁም እሰጣለሁ፣ አብራችሁ ነው የምትፈጽሙት።» ስግደቱ ስንት እንደሆነ ልጽፍልሽ ብዬ ነበር፤ ክንዱ ደስ እንዳይለው ተውሁት።

እንግዲህ «በእኛ ዘር የለም» ያልሁት ሰው ይኸው። ዘሩ የእኔም የአንቺም ነው፤ ለካ አንድ ነው። ያን ቃል የተናገርሁት ሽማግሌ ፊት ነውና ይቅርታውንም እዚያው ሽማግሌ ፊት እለዋለሁ። አነጋግሬያቸዋለሁ፤ አንቺ ያልሽው ቀን ይሰበሰባሉ።

አሁን ስለ ማሩ። ኃይለ ጊዮርጊስ እንዳለኝ ከእኛ ከሚወለዱ ልጆች በእያንዳንዱ ላይ ዕጣው ከአራት አንድ ነው። ይህ ማለት ከአራት ሦስቱ ዕጣ ለማሩ ጤና ነው! ሌሊት ስነቃ የምቆጥረው ይህን ሦስቱን ነው። አንዱን መቁጠር እጀምርና እመለሳለሁ። በሽታው ቢኖርበት እንኳ ዛሬ መታወቁ ጥቅም አለው፤ ልቡ ሳይደክም መድኃኒት ይጀምራል፣ እግሩ ሳይቆስል ጫማ ይለምዳል፣ ጆሮው ሳይጠፋ ፊደል ይማራል። ብርነሽ ይህን ሁሉ ያገኘችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኔ ስቆጣት ስለኖርሁ።

እስክትመጪ ድረስ እንድታዪለት የተባለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ከኋላው ሆነሽ በዝግታ ስሙን ጥሪ፤ አንዴ ጮክ፣ አንዴ ዝቅ አድርገሽ። ሁለተኛ፣ ማታ እግሩን ስታጥቢው ሳያይ ውስጥ እግሩን በሰንበሌጥ ንኪው፤ ይሰበስበዋል ወይስ ዝም ይላል? ሦስተኛ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ሲወጣ ስንት ጊዜ ያርፋል? አራተኛ፣ ያምና ሱሪው ወገቡ ላይ እንዴት ነው? ያየሽውን ክንዱ ይጻፍልሽና ይዘሽው ነይ። ነገር ግን አይተሽ «ደህና ነው» ብትዪም ነይ፤ «ደህና አይደለም» ብትዪም ነይ። ምኑን ከምኑ እንደሚለዩ እነሱ ያውቃሉ።

ስለ ብርነሽ ሸጋ ሸጋውን ልንገርሽ። ውኃውን የሚያወርድ ክኒንና ለልቧ ሌላ ክኒን ትውጣለች፤ ጨው ቀንሰናል። የእግሯ እብጠት ጎድሎ የዛሬ ሁለት ዓመት የገዛሽላት ጫማ ገባላት። ማታ ማታ እግሯን አጥቤ በፋኖስ አየዋለሁ፤ ቢቆስል እሷ ስለማታውቅ ነው። መጀመሪያ ታፍር ነበር፣ አሁን «አባዬ፣ የቀኙን ረሳኸው» ትለኛለች። ትምህርት ቤት የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል። መምህሯ ወደ ሰሌዳ ዞሮ እንዳያወራ ነገርሁት፤ ሲረሳ እሷ እጇን ታወጣለች። በፈተና ከክፍሏ አራተኛ ወጣች።

ደግሞ የሰው ከንፈር ታነባለች! መቼ እንደለመደችው አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ በዱላዋ ቀስ እያለች ፒያሳ ወጣን። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ባለሱቆች ቆመው ያወራሉ፤ እኔ ምንም አይሰማኝም። ብርነሽ ሳቀች።

«ምን ሆንሽ?»

«ያ ባለ ቆቡ ሰውዬ 'ይኸ ሰው ዛሬም ዋጋ ጠይቆ፣ ጽፎ ሊሄድ ነው' አለ።»

እናንዬ፣ ከሳቅሁ ስንት ዘመኔ እንደሆነ ታውቂያለሽ። መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅሁ።

ይድናል አላሉኝም። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሊታገዝ ይችላል ነው ያሉኝ። ለኃይለ ጊዮርጊስ የምጠይቀውን ሁሉ በቁጥር ጽፌ ነበር የሄድሁት፤ አሥራ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። አሥሩን ጠየቅሁ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ብርነሽ ከንፈሬን እያየች ነበር፤ ወረቀቱን አጥፌ «አመሰግናለሁ» አልሁት። እሱም ገብቶት ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። አንቺም አትጠይቂኝ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 23 ከጠዋት ጀምሮ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እገኛለሁ። ጠዋት ያለው ቢያልፍሽ የከሰዓቱን እጠብቃለሁ። ከእኔ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደር ካልፈለግሽ እኔ ትምህርት ቤት አድራለሁ፤ ዘበኛው ፈቅዶልኛል። ቤቱ ለአንቺና ለልጆቹ ነው። ለመቅረትሽ ምክንያት የሚሆን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አስቤ እዚህ ያለውን አንሥቻለሁ፤ የቀረ ካለ በክንዱ ላኪልኝ።

የአምባው ጊዮርጊስ መንገዳችሁን ይጠብቅ፣ እመቤታችን ማሩን በጉያዋ ትያዘው፣ ለእናትሽም ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ለትንሣኤው በደህና ያድርሳችሁ፤ በዓሉን እዚያው ከእናትሽ ጋር ዋዪ፣ ከዚያ ግን ነይ። ክንዱ፣ ስላነበብህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጥፋቱን የሚያውቅ ባልሽ
አለኸኝ ውድነህ

ተጨማሪ፦ ፖስታውን ሳልዘጋ ብርነሽ ወስዳ አነበበችው። እንዳታነብ ብከለክላት ምን ዋጋ አለው፤ ስጽፈው ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ግማሹን ቀድማ አይታዋለች። ስለ ማሩ ከጻፍሁት አራት ነገር አንደኛው ስሕተት ነው አለችኝ። የተናገረችውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«እምዬ፣ ማሩን ከኋላው ስትጠሪው ጥላሽ እንዳይታየው ፀሐይ ከፊትሽ ትሁን። ፊት ለፊቱም ሰው አይቀመጥ፤ እኔ ስትጠሩኝ የምዞረው ሌላው ሰው ወደ እናንተ ሲያይ አይቼ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ አድርጌ ነው የሰማሁ ያስመሰልሁት፤ አባዬ እንዳይቆጣ ብዬ። አሁን አይቆጣም። ማሩ ባይዞር ግን አታልቅሺበት፣ ፊትሽን ያነባል። ዝም ብለሽ ይዘሽው ነይ፤ ከንፈር ማየቱን እኔ አስተምረዋለሁ።»